ጎማው ሦስቴ ተለጥፎ ሦስቴ ሲተነፍስ፦ ብስክሌትን ቤት ውስጥ መጠገን

ባለፈው ዓመት የኋላ ጎማዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሦስቱንም ጊዜ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ሦስቱንም ጊዜ ተለጠፈልኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከፈልኩ። በአራተኛው ተናድጄ ራሴ ፈታሁት። የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣቴ ስዳስስ አንድ ነገር ወጋኝ። የግራር እሾህ ነው። ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ቀርቷል፤ ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። ቀዳዳው በተደፈነ ቁጥር እሾሁ አጠገቡ ሌላ ይበሳል።

ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ሥራ ቤት ነው የምሠራው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ይመቻታል። ቤታችን ሁለት አለ፤ የእኔው ማርሽ የሌለው ባለ 28 ቁጥር ጎማ አሮጌ ቻይና፣ የልጄ ደግሞ ባለማርሽ 26። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁለቱ ላይ እየተሳሳትኩ የተማርኩት ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት "ለምን ሆነ?" በሉ። እኔ ያንን ሳልጠይቅ የጠገንኩትን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የጠገንኩት።

ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ብዙ አይደለም። 15 ቁጥር ቁልፍ የግድ ነው፤ የኋላ ጎማ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው፣ ፔዳልም እንደዚሁ። ለፔዳል ግን ቁልፉ ቀጭን ካልሆነ አይገባም። ከዚያ 8፣ 10 እና 13 ቁልፍ፤ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎኑ)፤ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፤ ፒንሳ፤ መንፊያ፤ ማስቲሽ፤ ብርጭቆ ወረቀት፤ ትንሽ ግሪስ፤ አሮጌ ካናቴራ። ያረጀ ከመነዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ካላችሁ አትጣሉት፣ ልጣፊ ይወጣዋል። አፉ የሚጠብና የሚሰፋውን ቁልፍ ካልቸገረኝ አልነካውም። ትንሽ ከላላ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍም አይዘው።

ብስክሌቱን ገልብጡትና በመቀመጫውና በመሪው ላይ አቁሙት። ከሥሩ ጆንያ ወይም ካርቶን አንጥፉ።

ጎማ ሲተነፍስ

መጀመሪያ ቫልቩን እዩ። ጣታችሁን በምራቅ አርጥባችሁ የቫልቩ አፍ ላይ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ጎማው አልተበሳም ማለት ነው፤ የሚያስተነፍሰው ቫልቩ ነው። እንደ መኪና ያለው ቫልቭ ከሆነ ውስጡ ያለችውን ትንሽ እምብርት ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይበቃል። የድሮዎቹ ባለ 28 ብስክሌቶች ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ዳዶዋን ፈታችሁ ስታወጡት ቀጭን ብረት ላይ የለበሰች የላስቲክ ቱቦ ታገኛላችሁ። አየሩን የምትይዘው እሷ ናት። ስታረጅ ትሰነጠቃለች። የአንዲት የላስቲክ ቱቦ ችግር ነው እንግዲህ፣ ስንት ሰው ግን ሙሉ ከመነዳሪ ይገዛበታል። ሁለት ሦስት ትርፍ ኪስ ውስጥ ይኑራችሁ።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ወደ ሥራው፦

1. ዳዶዎቹን ላሉና ጎማውን ከሹካው አውጡ። የኋላው ከሆነ ሰንሰለቱን ከጥርሱ ላይ አንሱ፣ የፍሬን ክንድ ካለውም ፍቱ። ሮንደላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ በስልክ ፎቶ አንሱ። "አስታውሳለሁ" አትበሉ፣ አታስታውሱም።

2. የቀረውን አየር አስወጡ። የጎማውን ከንፈር ዙሪያውን እየጨመቃችሁ ከቸርኬው ጠርዝ ወደ መሀል ግፉት። መሀሉ ጎድጎድ ስለሚል እዚያ ሲገባ ጎማው ይላላል፣ ማውጣቱም ይቀልላል። በጎማ ማውጫ ወይም በማንኪያ እጀታ አንዱን ጎን ብቻ አውጡ። በካቻቢቴ አትሞክሩት፤ ከመነዳሪውን የሚበሳው እሱ ነው።

3. ከመነዳሪውን ከማውጣታችሁ በፊት በቫልቩ ትክክል የውጭው ጎማ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ። ይህቺን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የማስበልጠው እሷን ነው። ቀዳዳውን ስታገኙ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ መልሳችሁ ትለኩታላችሁ፣ የወጋው ነገር የት እንዳለም ይነግራችኋል።

4. ከመነዳሪውን ንፉትና ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ክፍል በክፍል አስገቡ። አረፋ የሚወጣበትን በጣት ያዙ፣ አድርቁ፣ በእስክርቢቶ ትልቅ መስቀል አድርጉበት። ዙሪያውን ጨርሱ፤ ሁለተኛ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል።

5. አሁን ቀዳዳውን አንብቡ። በውጭ በኩል ያለ አንድ ነጥብ እሾህ ወይም ምስማር ነው። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካያችሁ አየር አንሶት ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ላይ ሲመታ ቸርኬው ነክሶታል፤ መድኃኒቱ በደንብ መንፋት ነው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ወገን ከሆነ የስፖክ ጫፍ ወጥቷል ወይም ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው ቀበቶ ተንሸራቷል። ለቀበቶ ከአሮጌ ከመነዳሪ በረጅሙ የተቆረጠ ያገለግላል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ግን መለጠፍ አትድከሙ፣ አይይዝም።

6. የውጭውን ጎማ ውስጡን ፈትሹ። በጣት ቀስ ብሎ፣ ወይም እንደ እኔ መወጋት ካልፈለጋችሁ በጥጥ። ጥጡ የሚይዘው ቦታ ላይ እሾሁ አለ። ከውስጥ ወደ ውጭ በፒንሳ አውጡት።

7. ቀዳዳውን ዙሪያ ከልጣፊው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ። ልጣፊው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ከሆነ እሱንም ፈግፍጉ፣ ማዕዘኖቹንም ክብ አድርጉ፤ ሹል ማዕዘን ይነሳል። ማስቲሹን በስሱ ቀቡ። ልጣፊውን ቶሎ አትጫኑ! እርጥብነቱ ጠፍቶ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የሚላቀቅ ልጣፊ አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ የተለጠፈ ነው። ከዚያ ተጫኑትና በካቻቢቴ እጀታ ደምድሙት።

8. ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ንፉትና አስገቡት፤ ባዶ ከሆነ ይጠማዘዛል። ቫልቩ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጎማውን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሩና በአውራ ጣት እየገፋችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። የመጨረሻው ስንዝር ያስቸግራል። እዚያ ጋ ማንኪያ ማንሳት ያምራል፣ ግን አዲሱን ልጣፊ የምትበሱት ያኔ ነው። ይልቅ ከሌላው ወገን ያለውን ከንፈር እንደገና ወደ ጎድጓዳው ግፉት። ግማሽ ንፉና ጎማው ዳር ላይ ያለችው መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መሆኗን እዩ።

ምን ያህል ይነፋ? ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የ26 ተራራ ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ታገኛላችሁ። ከባድ ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን ወደ ላይኛው ያድርገው። ኮምፕሬሰር ላይ ስታስነፉ ተጠንቀቁ። ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ ብስክሌቷን በሰከንዶች ይሞላታል፣ ካለፈም ያፈነዳታል። ጥቂት ጥቂት፣ በየመሀሉ እየተጫናችሁ እዩ።

ሰንሰለት

እዚህ ላይ ከጎረቤት ጋር ሁሌ እከራከራለሁ። ሰንሰለት ሲጮህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ልማድ ሆኗል። ድምፁ ወዲያው ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ያ ዘይት አቧራና የብረት ደቃቅ ይዞ ነው የመጣው። በጋ ላይ የመንገዱ አቧራ ሲጨመርበት ጥቁር ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡም ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የምግብ ዘይት የሚያደርግም አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል።

በትክክል የሚደረገው እንዲህ ነው። ደረቅ ጨርቅ ሰንሰለቱ ላይ ጨብጡና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ጨርቁን እየቀያየራችሁ፣ ጥቁሩ እስኪቀንስ። በጣም ከቆሸሸ ጨርቁን ነጭ ጋዝ አስነኩት፤ ከከሰልም ከሲጋራም ራቅ ብላችሁ። ሲደርቅ አዲስ ዘይት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ። የስፌት መኪና ዘይት በበጋ ይሠራል፣ ዝናብ ግን ቶሎ ያጥበዋል፤ ክረምት ላይ ወፈር ያለ ይሻላል። ፔዳሉን ጥቂት አዙሩ፣ አሥር ደቂቃ ተውት፣ ከዚያ ከውጭ ያለውን በሙሉ ጥረጉ። አዎ፣ ያጠጣችሁትን መልሳችሁ ጥረጉ። የሚሠራው ዘይት ውስጥ የገባው ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ማለቁን ለማወቅ የብረት ሜትር ይበቃል። ከአንዱ ፒን መሀል ጀምራችሁ 24 መገጣጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት ልክ 12 ኢንች ነው፣ ማለትም 30.48 ሴንቲ ሜትር። ባለማርሽ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ቀይሩት። ሦስት ሚሊ ከደረሰ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል፤ አዲሱ ሰንሰለት አሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ትንሽ ይታገሣል።

ማርሽ ለሌለው ደግሞ ልልነቱም መታየት አለበት። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሰንሰለቱን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይጫወት። ፔዳሉን አዙራችሁ የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ። ከላላ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል። ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ መሀል መሆኑን አይታችሁ ዳዶዎቹን ግራ ቀኝ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ሰንሰለቱን የምታገናኘው ክሊፕ የዓሣ ቅርጽ አላት። ጭንቅላቷ፣ ማለትም ዝጉ ጫፍ፣ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ይዙር። ለጣና ዳር ሰው ዓሣ ወዴት እንደሚዋኝ መንገር የለብኝም።

ፍሬን

የፍሬን እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጨመቀ ብዙ ሰው በቀጥታ ካቦውን ይስባል። ቆይ! መጀመሪያ የፍሬን ጎማውን እዩ። ላዩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ አልቋል፤ ካቦ ብትስቡ ነገ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል። ከዚያ ካቦውን ተመልከቱ። እጀታው ጋና መያዣው ቡሎን ጋ ክሮቹ መበጣጠስ ከጀመሩ ዛሬውኑ ይቀየር። ፍሬን ላይ "ትንሽ ይቆያል" የሚባል ነገር የለም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ካቦው እጀታው ውስጥ ሲገባ በእጅ የምትዞረውን ዳዶ ወደ ውጭ ፍቱ፤ ካቦው ይጠብቃል። ካልበቃ ዳዶዋን መልሳችሁ አስገቡና ካቦውን ከታች ከቡሎኑ ላይ ላሉ፣ በፒንሳ ጥቂት ሳቡ፣ አጥብቁ። የፍሬን ጎማው ከቸርኬው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ሲጨመቅም ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ከፍ ብሎ የውጭውን ጎማ ከነካ ይቀደዋል።

ለሚጮህ ፍሬን አንድ ዘዴ አለች። ቸርኬውን በሳሙና ውኃ አጥቡ፣ የፍሬን ጎማውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ካልተወ የፍሬን ጎማውን ቡሎን ላሉ። ከክብሪት ቀፎ ቁራጭ ካርቶን ቆርጣችሁ በፍሬን ጎማው የኋላ ጫፍና በቸርኬው መካከል አስገቡ። እጀታውን ጨምቃችሁ ይዛችሁ ቡሎኑን አጥብቁ፣ ካርቶኑን አውጡ። አሁን የፊት ጫፉ ትንሽ ቀድሞ ይነካል፣ ጩኸቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ዘይት ግን በፍጹም እንዳታስቡት።

ቸርኬ ሲጣመም

ጎማው እየተወላገደ አንዱን የፍሬን ጎማ ብቻ ከነካ ፍሬኑን አታላሉ። ጥፋቱ የቸርኬው ነው። እስክርቢቶ ሹካው ላይ በላስቲክ አስራችሁ ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉና ጎማውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሚነካበት ቦታ ይታያችኋል። እዚያ አካባቢ ያሉትን ስፖኮች ሁለት ሁለቱን እየጨመቃችሁ እዩ፤ የላላ ወይም የተበጠሰ አለ? የላላ ካለ እሱን ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ስፖኮቹ ከመሀሉ ሞዞ ግራና ቀኝ ተራ በተራ ነው የሚወጡት። ቸርኬው ወደ ቀኝ ከሄደ እዚያ ቦታ ያለውን የግራውን ስፖክ ሩብ ዙር አጥብቁ፣ አጠገቡ ያለውን የቀኙን ሩብ ዙር ላሉ። አዙሩ፣ እዩ፣ ድገሙ። ማጥበቂያው ወዴት ነው የሚለው ያደናግራል፤ እኔም እስካሁን አስቤ ነው የማዞረው። በጎማው በኩል ሆናችሁ የስፖኩን ዳዶ ጭንቅላት በካቻቢቴ የምታዞሩ ምሰሉ፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይጠብቃል። በፒንሳ ግን አይሠራም፣ ጠርዙን ይበላዋል፤ የስፖክ ቁልፍ ትንሽና ርካሽ ናት። ግጭት ደርሶበት የታጠፈ ቸርኬ ወይም እንደ እንቁላል የሞላላ ከሆነ ለባለሙያ ተዉት።

ማርሽ፣ ሞዞና ፔዳል

ማርሹ አልገባ ሲል የልጄ ብስክሌት ላይ የተማርኩት ይኸው ነው። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ነበር ወይ? ከኋላ ሆናችሁ ማርሽ ቀያሪውን እዩ። ወደ ስፖኩ ካዘነበለ ማንጠልጠያው ተጣሟል፤ ምንም ብታስተካክሉ አይገባም። ቀጥ ካለና ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ፣ ካቦው ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሲገባ ያለችውን ማዞሪያ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩ። ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች ሰንሰለቱ ከጥርሶቹ ካላለፈ በቀር አትንኩ። ወደ ስፖኩ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ኤል የሚል ምልክት ያለበትን ሩብ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ አስገቡ።

ጎማውን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ስትወዘውዙት ከተንቀጫቀጨ የሞዞው ኮን (ኳሶቹን የሚይዘው ዳዶ) ላልቷል ወይም ኳሶቹ አልቀዋል። የተለመደው የፊት ሞዞ በየጎኑ 10 ትናንሽ ኳሶች፣ የኋላው በየጎኑ 9 ከፍ ያሉ አሉት። ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ክፈቱ። እኔ ያለጨርቅ ከፍቼ አንዷ አልጋ ሥር ገባች፣ ግማሽ ቅዳሜ ፈለግኳት። አንዷ ከተቧጨረች ሁሉንም ቀይሩ። አዲስ ግሪስ፣ ከዚያ ኮኑን ሳይንቀጫቀጭ ሳይከብድም እስኪዞር አጥብቁ።

የግራ ፔዳል የሚጠመዘዝበት ጥርስ ተቃራኒ ነው። ይህን ሳላውቅ ቁልፉ ላይ የቧንቧ ብረት ጨምሬ ስታገል እያጠበቅኩት ነበር። ብስክሌቱ ሳይገለበጥ በጎማዎቹ ቆሞ፣ ቁልፉም ወደ ላይ ቆሞ ሳለ ሁለቱም ፔዳሎች ወደ ፊት ሲገፉ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ይፈታሉ። ስትመልሱ ጥርሱን ግሪስ ቀቡ፣ መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። በግድ ካስገባችሁት የክራንኩን ጥርስ ያጠፋዋል፣ ያ ደግሞ ውድ ነው።

ክረምት ላይ ጭቃ ሲበዛ ላቫጆ ወስዶ ማስጠብ ያምራል። የግፊት ውኃው ግን ግሪሱን ከሞዞና ከመሪው ውስጥ አስወጥቶ ውኃ ይተካበታል። ባልዲ፣ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃል፤ ከዚያ ሰንሰለቱን አድርቁና ዘይት ስጡት። ፍሬሙ ወይም ሹካው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ የቤት ሥራ አይደለም፣ መንዳትም አይደለም።

ሁሉም ካለቀ ብስክሌቱን አቁሙ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ፤ መሪው ሥር "ቀጭ" ካለ የላላ አለ። የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና ንኩ። ከዚያ መኪና በማይበዛበት መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ሂዱ፣ መጀመሪያ በኋላው፣ ቀጥሎ በፊተኛው ፍሬን ቁሙ። ማታ ላይ ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጠዋትም ድገሙ። ጠዋት ላይ እንደ ማታው ከጠነከረ ልጣፊው ይዟል።